የሥራ ልምድ

ግቢው ውስጥ ተኝተን፣ ቤቱ ስለጋለ፣
ሰማዩም እንደኛ ላብ በላብ እንዳለ፣
የሌሊት ጥቅል ገዛሁ በቀረችኝ አሥር ብር፣
ሰው ልተዋወቅ ብዬ፣ ከማላውቀው አገር።

ቅጹ ይጠይቃል፦ «ስም?» ኢፍቱ መሐመድ።
«ትምህርት?» አሥራ አንደኛ። «የሥራ ልምድ?»
ጠቋሚዋ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች፣
ባዶ ሳጥን ይዛ ደጄ ላይ ቆማለች።

ናሆም ግን ሞልቶታል፤ ከሳቢያን ነው እሱ፣
የአጎቱ ኮት ሰፍቶት እስከ ጉልበት ልብሱ፣
«መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ» ይላል፤
ድርጅቱ ሦስት ልጅ ነው፤ አንዱም ታሞ ቀርቷል።
«አቦ፣ ጻፊ ዝም ብለሽ! ምን ታካብጃለሽ?»

ምን ልጻፍ?
ታይዋን ስላደግሁ፣ «ንግድ» ልበል ብዬ?
ደቻቱ ሲሞላ ዕቃ ማሸሽ ችዬ፣
«የአደጋ ጊዜ አመራር» ብል ማን ይጠይቀኛል?
እውነት ነው ለነገሩ፤ ግን ያሳፍረኛል።

አንድ ነገር አውቃለሁ።
ረፋድ ላይ ፀሐይ ቆርቆሮውን መጥበስ ስትጀምር
የሰፈሩ ሰው የተቃጠለ ቬንትሌተር ታቅፎ ይመጣል፣
እንደታመመ ሕፃን።
እከፍተዋለሁ። የጠቆረውን መዳብ አወጣለሁ፣
አዲሱን እጠመጥማለሁ።
አንዳንዱ ይነሳል፤ አንዳንዱ ያጉረመርምና መልሶ ይተኛል።
ይሄ ልምድ ይባላል? ወይስ መላመድ?

የተኛች መስላኝ የነበረች እናቴ፦
«ፊትሽን እንዳታሳዪ። የማታውቂው ሰው ነው።»
«የእጄን ነው ያደረግሁት» አልኳት።
የእጄን ፎቶ፤ መዳብ የነከሰው አውራ ጣቴን።

ከግንቡ ወዲያ ሙሴ ዘርጋው ሳሉ፣
የምድር ባቡሩ፣ የጥንቱ ስልከኛ።
«ማን ነው በዚህ ሰዓት ፊቱ ላይ መብራት የሚያነድ?»
«እኔ ነኝ። ሰው እየተዋወቅሁ ነው።»
«በሌሊት?» ሳቁ። «እኔም በሌሊት ነበር።

ከድሬ ሳልወጣ፣ ሽንሌንም ሳልረግጥ፣
ደወሌን፣ አይሻን አውቅ ነበር በድምጥ።
የአይሻው ጣቢያ ሹም፣ ሮብሌ የሚባለው፣
አሥራ አንድ ዓመት ወዳጄ፣ ፊቱን ሳላየው።
አንድ ቀን መጋላ፣ ልቅሶ ቤት፣ ከኋላዬ ሳለ፤
ሳልዞር "ሮብሌ!" አልኩ። "ዘርጋው!" አለ።
ስልኩን አንስተሽ ወዲያው "ባቡር ወጣ" አይባል፤
መጀመሪያ ሙቀቱን፣ ከዚያ የልጁን ሳል
ትጠይቂዋለሽ። ባቡሩ ይደርሳል።»

ተኙ። ወይም ዝም አሉ፤
በእሳቸው ዕድሜ ልዩነቱ ትንሽ ነው።

አንዲት መሐንዲስ አገኘሁ፣ ሞተር የምትሠራ፣
ትርሐስ ትባላለች፣ ከተማዋ አዳማ።
«የተከበሩ» ብዬ ጀመርኩ፤ አጠፋሁት።
«ሥራ ካለዎት» ብዬ ጀመርኩ፤ አጠፋሁት።
በመጨረሻ፦
«ድሬ ላይ ሙቀቱ ዛሬም አልወረደም። አዳማስ?
ሦስተኛው ፍጥነት ላይ፣ ያውም ቀትር ላይ ብቻ፣
የጠመጠምኩት ይቃጠላል። ለምን ይሆን?»
ላኩት። ጥቅሉም አለቀ።

ዘጠኝ ቀን ዝምታ።
በዘጠኙ ቀን ናሆም መቶ ሰባ ወዳጅ አፈራ፤
አንዱም ስለ ሙቀቱ አልጠየቀውም።

በዐሥረኛው፣ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣
የተከለከለው ስልኬ ካልሲዬ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፦
«አዳማ ነፋስ አለ። ስንት ዙር ጠመጠምሽ?»

ስንት ዙር?
ቆጥሬ አላውቅም ነበር። እጄ ነበር የሚያውቀው።
ያን ማታ የተቃጠለውን ግቢው መሐል ዘርግቼ
ክር በክር ፈታሁ፣
እናቴ ባትሪ ይዛልኝ፣
ሙሴ ዘርጋው ከግንቡ ወዲያ
ቁጥሩን በፈረንሳይኛ እየደገሙልኝ፦
አራት መቶ አሥራ ሁለት፣
አራት መቶ አሥራ ሦስት።
ሳጥኑ አሁንም ባዶ ነው።
ቆይ፤ አልጨረስኩም።